በቤት ከተሠራ ጄኔሬተር የሚወጣውን ኤሲ ወደ ዲሲ እንዴት እንቀይራለን?

«ጄኔሬተሩን ሠርቼ አምፖል አበራሁበት። ባትሪ ላይ ሳስረው ግን አይሞላም። ምን ጎደለው?»

አዳማ ውስጥ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። አንዱ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ታቅፎ የሚመጣ ተማሪ ነው። ሌላው «ይሄ ሁሉ ነፋስ በከንቱ ከሚነፍስ» ብሎ ጣሪያው ላይ ክንፍ የሰቀለ ነው። ጥያቄው አንድ፣ መልሱም አንድ ስለሆነ እስቲ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

የጎደለው ሬክቲፋየር ነው፤ ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ዕቃ። ማግኔት በኮይል (በሽቦ ጥቅል) ፊት ሲያልፍ አንዴ የሰሜን፣ ቀጥሎ የደቡብ ዋልታው ይመጣል። ስለዚህ ከረንቱ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ኤሲ የምንለው ይህንን ነው። አምፖል ከየትኛውም አቅጣጫ ከረንት ቢመጣበት ይበራል። ባትሪ ግን የሚሞላው ከረንቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲገባበት ነው፤ ይህ ደግሞ ዲሲ ነው። በዚያ ላይ ጄኔሬተሩ ሲቆም ባትሪው ራሱ በኮይሉ በኩል ይፈስና ሽቦውን ያቃጥለዋል። ስለዚህ «ትንሽ ልሞክረው» ብላችሁም ቢሆን ባትሪን በቀጥታ ከኤሲ ጋር አትሰሩ።

ከከተማው ዳር ኮረብታ ላይ የምናያቸው ትልልቆቹም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። የአዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34 ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ክንፉ ጄኔሬተሩን ያለ ማርሽ በቀጥታ ያዞረዋል። ነፋሱ ሲለዋወጥ የሚወጣው ኤሲም ይለዋወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ዲሲ ይቀየራል፤ ከዚያ ለመስመሩ የሚስማማ 50 ሄርዝ ኤሲ ሆኖ ይወጣል። እኛ እዚህ የምንሠራው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ይህ መመሪያ የሚሠራው ጄኔሬተራችሁ በጣም ሲፈጥንም ከ25 ቮልት ኤሲ ለማይበልጥ ሥራ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ከዚህ በታች የጠቀስኳቸው አንዳንድ ዕቃዎች አይችሉትም። ከ50 ቮልት ካለፈ ደግሞ ሰውንም ይጎዳል፤ ባለሙያ ሳይኖር አትንኩት።

የጄኔሬተሩን ገመድ የቤት ሶኬት ውስጥ በፍጹም አትሰኩ፤ መብራት ሲጠፋም ቢሆን። ከእናንተ ቤት የወጣው ትንሽ ቮልት በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ተገልብጦ ከፍ ይልና መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

የባትሪ ሥራ ስትሠሩ ቀለበትና የብረት ሰዓት አውልቁ። ሻርፕ ወይም ነጠላ ከሚሽከረከር ነገር አጠገብ አይኑር። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ ስለዚህ አልጋ ሥር ወይም የተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- መልቲሜትር (ቴስተር)። ርካሹም ይሆናል፤ የዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) መለኪያ ቦታ ይኑረው እንጂ።
- ብሪጅ ሬክቲፋየር፣ ማለትም አራት ዳዮዶች በአንድ ላይ የታሰሩበት። ኬቢፒሲ3510 የሚባለው 35 አምፕርና 1000 ቮልት ይችላል። ለትንሽ ሥራ 1ኤን5408 የሚባሉ አራት ዳዮዶች ይበቃሉ፤ እያንዳንዳቸው 3 አምፕር ይሸከማሉ። ሦስት ገመድ ላለው ጄኔሬተር ባለ ስድስት ዳዮድ፣ ማለትም የሦስት ፌዝ ብሪጅ ግዙ።
- የአልሙኒየም ማቀዝቀዣ (ሂት ሲንክ) እና የሙቀት ፔስት።
- ፊውዝ ከነመያዣው። የመኪና ፊውዝ ጥሩ ነው።
- 12 ቮልት ባትሪ።
- 12 ቮልት የመኪና የፊት መብራት አምፖል፣ 55 ዋት።
- በቮልት የሚታዘዝ ባለ ሪሌ (በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ሞጁል፤ የሚበራበትና የሚጠፋበት ቮልት የሚስተካከል።
- ስልክ ለመሙላት ቮልት ዝቅ የሚያደርግ ኤልኤም2596 ሞጁል።
- ለሙከራ ትንሽ የመኪና አምፖል፣ 5 ዋት።
- ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሶልደር ማድረጊያ፣ ናስትሮ፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ።

የሚዋዥቅ ቮልትን የሚያለሰልሰውን ካፓሲተር ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም። ባትሪ ለምትሞሉ አያስፈልግም። ደረጃ 6 ላይ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 1፦ ምን ዓይነት ጄኔሬተር እንዳላችሁ እወቁ

ከቁራሌው የተገዛ ዲናሞ ሁሉ ኤሲ አይሰጥም። መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ጄኔሬተሩን በእጅ አሽከርክሩ። ጥሩ ቁጥር ካሳየና በተቃራኒ ስታሽከረክሩት ቁጥሩ ኔጌቲቭ ከሆነ ዲሲ ሞተር ነው፤ ካርቦን ብሩሽ አለው። እሱ ብሪጅ አይፈልግም። ባትሪው መልሶ ሞተሩን እንዳያሽከረክር አንድ ዳዮድ በፖዘቲቩ ገመድ ላይ ማስገባት ብቻ ነው።

ዲሲ ላይ ዜሮ አካባቢ እየተንቀጠቀጠ ኤሲ ላይ ግን ቁጥር ካሳየ ኤሲ ጄኔሬተር ነው። ብዙ ሰው «ጄኔሬተሬ ሞቷል» ብሎ የሚደውለው መለኪያውን ዲሲ ላይ ትቶት ነው።

የመኪና ዲናሞ ከሆነ ደግሞ ሬክቲፋየሩ ውስጡ አለ። ሌላ ብሪጅ ብትጨምሩበት ቮልት ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም።

ሁለት ገመድ ካለው አንድ ፌዝ ነው። ሦስት ገመድ ካለውና በየሁለቱ መካከል ስትለኩ ተመሳሳይ ቮልት ካገኛችሁ ሦስት ፌዝ ነው።

ከሞተር ሳይክል ወይም ከባጃጅ የወጣ ማግኔቶ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። ከእያንዳንዱ ገመድ ወደ ጄኔሬተሩ አካል ኮንቲኒዩቲ (መገናኘት አለመገናኘታቸውን) ለኩ። በአንዳንዶቹ ላይ የኮይሉ አንድ ጫፍ ከብረቱ ጋር የታሰረ ነው። እንዲህ ከሆነ የብሪጁ ኔጌቲቭ የጄኔሬተሩን ብረት መንካት የለበትም። ከነካ አንዱ ዳዮድ ያለ ሥራ ይቀራል፣ ሌላው ደግሞ ኮይሉን ሾርት ያደርገዋል። መፍትሔው የታሰረውን ጫፍ ከብረቱ መፍታት፣ ወይም ባትሪውንና ብሪጁን ከብረቱ ለይቶ ማስቀመጥ ነው።

ደረጃ 2፦ ሳትገዙ በፊት ለኩ

እዚህ ላይ ብዙው ሰው ይቸኩላል። ዕቃ ተገዝቶ ካለቀ በኋላ መለካት ትርጉም የለውም።

ጄኔሬተሩን ምንም ሳታስሩበት ሁለት ጊዜ ለኩት። አንዴ በተለመደው ፍጥነት፣ አንዴ ሊደርስ በሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት። ሁለተኛውን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ዘንጉን ድሪል ላይ ማሰር ነው። ሁለቱንም ቁጥሮች ጻፉ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የማግኔት ጄኔሬተር ቮልት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይወጣል። በደቂቃ 300 ዙር ላይ 12 ቮልት ከሰጠ በ600 ዙር 24 ቮልት ይሰጣል። የቤት መስመር ላይ 220 ሁሌም ወደ 220 ይጠጋል። የእናንተ ጄኔሬተር ግን የአዳማ ነፋስ እንዳዘዘው ነው። የምትገዙትን ዕቃ የሚገድለው የተለመደው ቁጥር ሳይሆን ከፍተኛው ነው።

ደረጃ 3፦ የሚወጣውን ዲሲ አስሉ

መልቲሜትር የሚያሳየው ኤሲ የማዕበሉን ጫፍ አይደለም። ጫፉ የዚያ 1.41 እጥፍ ነው። ከብሪጁ ሲያልፍ ደግሞ ከረንቱ ሁልጊዜ በሁለት ዳዮዶች ውስጥ ይሄዳል። እያንዳንዱ 0.7 ቮልት ገደማ ይወስዳል፤ በድምሩ 1.4።

12 ቮልት ኤሲ ካላችሁ፦ 12 ጊዜ 1.41 ወደ 17 ይመጣል፣ ሲቀነስ 1.4፣ 15.6 ቮልት። 24 ቮልት ኤሲ ከሆነ 32.5 ቮልት። ሁለቱም ጭነት ሳይኖር የሚገኙ የጫፍ ቁጥሮች ናቸው።

በተቃራኒውም አስሉት። 12.6 ቮልት ላይ ያለ ባትሪ ከረንት እንዲገባበት ጫፉ ቢያንስ 14 ቮልት መሆን አለበት። ይህ በመልቲሜትር 10 ቮልት ኤሲ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጄኔሬተራችሁ በተለመደው ፍጥነቱ 7 ወይም 8 ቮልት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ሬክቲፋየሩ ምንም ጥፋት የለበትም። ወይ ፍጥነቱን በመዘውርና በቺንጋ ጨምሩ፣ ወይ የኮይሉን ጥቅል ቁጥር ጨምሩ።

ቮልቱ ለጥቂት የሚያጥር ከሆነ ሾትኪ የሚባሉትን ዳዮዶች ሞክሩ። እነሱ የሚወስዱት 0.5 ቮልት ገደማ ነው። ነገር ግን የሚችሉት ቮልት ዝቅተኛ ስለሆነ ከፍተኛውን ቁጥራችሁን አይታችሁ ግዙ።

ደረጃ 4፦ ብሪጁን ፈትሹና እሰሩ

ዳዮድ ውኃን በአንድ በኩል ብቻ እንደሚያሳልፍ ቫልቭ ነው። አራቱ በአንድ ላይ ሲታሰሩ ከረንቱ ከየትኛው ገመድ ቢመጣ መውጫው አንድ ይሆናል።

አዲስ ስለሆነ ብቻ አትመኑት። መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርጉ። ቀዩን ጫፍ በ«–»፣ ጥቁሩን በአንዱ «~» ላይ ስታደርጉ 0.5 አካባቢ ማሳየት አለበት። ስትገለብጡት ምንም ማሳየት የለበትም። ከሁለቱም «~» ወደ «+» እንዲሁ አድርጉ። በሁለቱም አቅጣጫ የሚያሳልፍ ካገኛችሁ ተበላሽቷል፤ መልሱት።

ኬቢፒሲ ላይ «+» የሚለው እግር ከሌሎቹ በተለየ አቅጣጫ ዞሮ የቆመው ነው። «–» በሰያፍ ከእሱ ፊት ለፊት ነው። የቀሩት ሁለቱ ኤሲ ናቸው።

1. የጄኔሬተሩን ሁለት ገመዶች በሁለቱ «~» ላይ እሰሩ። የትኛው በየት እንደሆነ ለውጥ የለውም።
2. ቀይ ሽቦ ከ«+»፣ ጥቁር ሽቦ ከ«–» አውጡ።
3. ብሪጁን ፔስት ቀብታችሁ በአልሙኒየሙ ላይ በብሎን አጥብቁት።

አራት ነጠላ ዳዮድ የምትጠቀሙ ከሆነ ነጩ መስመር ያለበት ጫፍ ከረንቱ የሚወጣበት ነው። የሁለቱን ባለ መስመር ጫፎች አንድ ላይ አድርጉ፤ ያ «+» ነው። የሌሎቹን ሁለት ዳዮዶች መስመር የሌለው ጫፍ አንድ ላይ አድርጉ፤ ያ «–» ነው። የቀሩትን ጫፎች አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ ጥንድ እያደረጋችሁ አገናኙ። ኤሲው በሁለቱ መገናኛዎች ይገባል።

ማቀዝቀዣውን አትዝለሉት። 10 አምፕር ሲያልፍ ብሪጁ ውስጥ 1.4 ጊዜ 10፣ ማለትም 14 ዋት ሙቀት ይቀራል። የአዳማ ቀትር ሲጨመርበት እጅ አያስነካም። አልሙኒየሙን ክንፎቹ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲሆኑ አቁሙት፤ ሞቃት አየር በራሱ ይወጣል።

ደረጃ 5፦ ያለ ባትሪ ሞክሩት

5 ዋቱን አምፖል በ«+» እና «–» መካከል እሰሩ። ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩ። መልቲሜትሩን ዲሲ ላይ አድርጋችሁ ቀዩ በእርግጥ ፖዘቲቭ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ በተቃራኒ አሽከርክሩት። ቁጥሩ አሁንም ፖዘቲቭ ከሆነ ብሪጁ ሥራውን እየሠራ ነው።

በዚህ ጊዜ ዘንጉ ከወትሮው በጣም ከከበዳችሁ ቁሙ። የሆነ ዳዮድ ተገልብጧል ወይም ሾርት ሆኗል።

ደረጃ 6፦ ካፓሲተር ያስፈልጋችኋል?

ከብሪጁ የሚወጣው ዲሲ አቅጣጫው አንድ ይሁን እንጂ ይመታል። በየግማሽ ዙሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ይወጣል። ባትሪ ለዚህ ግድ የለውም። ጫፉ ከእሱ ቮልት በላይ በወጣ ቁጥር ይሞላል። ሬዲዮ ወይም ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ያለ ባትሪ በቀጥታ ለማሠራት ከፈለጋችሁ ግን ካፓሲተር የግድ ነው።

መጠኑን ለማወቅ ድግግሞሹን አስሉ። የማግኔት ዋልታዎችን ቁጥር በደቂቃ ዙሩ አባዙና ለ120 አካፍሉ። 12 ዋልታ በ300 ዙር፣ 30 ሄርዝ። ከዚያ ከረንቱን ለድግግሞሹ እጥፍና ለካፓሲተሩ መጠን አካፍሉት፤ የሚገኘው የቮልቱ መዋዠቅ ነው። በ30 ሄርዝ 1 አምፕር ስትወስዱ 4700 ማይክሮፋራድ 3.5 ቮልት ያህል ያዋዥቃል። 10000 ማይክሮፋራድ ብታደርጉት ወደ 1.7 ይወርዳል። ኢንተርኔት ላይ ያያችሁት ሥዕል ለ50 ሄርዝ መስመር የተሠራ ስለሆነ ለዝግተኛ ጄኔሬተር ያንሳል።

ሦስት ፌዝ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ከስድስት ዳዮድ የሚወጣው ያለ ካፓሲተርም ከጫፉ 87 በመቶ በታች አይወርድም።

የካፓሲተሩ ቮልት በከፍተኛው ቁጥር ይመረጣል። ደረጃ 3 ላይ 32.5 ቮልት ካገኛችሁ 25 ወይም 35 የተጻፈበትን አትግዙ፤ 50 ወይም 63 ይሁን። ነጭ መስመሩ ያለበት እግር «–» ነው። ከተገለበጠ ያብጥና ይፈነዳል፤ መጀመሪያ ስትሞክሩ ፊታችሁን አርቁ። 1 ኪሎ ኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር ጎን ለጎን እሰሩበት። ጄኔሬተሩ ከቆመ በኋላ 10000 ማይክሮፋራዱን በአንድ ደቂቃ ገደማ ባዶ ያደርገዋል።

ደረጃ 7፦ ባትሪውን እሰሩ

ፊውዙ በባትሪው ፖዘቲቭ በኩል፣ ለባትሪው በጣም ቀርቦ ይግባ። ሾርት ቢፈጠር ትልቁ ከረንት የሚመጣው ከጄኔሬተሩ ሳይሆን ከባትሪው ነው። መጠኑ ጄኔሬተሩ ከሚሰጠው ከፍተኛ ከረንት አንድ ተኩል ገደማ ይሁን፤ ለ4 አምፕር ጄኔሬተር 7.5 ጥሩ ነው።

ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። ባትሪው ከተገለበጠ በዳዮዶቹ በኩል በቀጥታ ሾርት ይሆናል። ፊውዝ ከሌለ ብሪጁ በአንድ አፍታ ይቃጠላል።

ስንት አምፕር እንደሚገባ ለኩ። ለአሲድ ባትሪ ደህና የሚባለው ከአቅሙ አንድ አሥረኛ ነው፤ 40 አምፕር ሰዓት ለሆነ ባትሪ 4 አምፕር።

የሽቦውን ውፍረት አትናቁ። ጄኔሬተሩ ጣሪያ ላይ፣ ባትሪው 10 ሜትር ርቆ ከሆነ ከረንቱ 20 ሜትር ነው የሚሄደው። በ1.5 ካሬ ሽቦ 5 አምፕር ሲያልፍ 1.2 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በ4 ካሬ ከግማሽ ቮልት በታች ነው።

ደረጃ 8፦ ሲሞላ የት ይሂድ?

12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ከ14.4 ቮልት በላይ መሄድ የለበትም። «ሲሞላ ማጥፊያ አደርግበታለሁ» ይሉኛል። ለሶላር ይሠራል፤ ለነፋስ አይሠራም። ባትሪውን ስታላቅቁት ጄኔሬተሩ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ክንፉ ይፈጥናል፣ ቮልቱም ይተኮሳል። ለዚህ ነው የሶላር ኮንትሮለርን ነፋስ ላይ በቀጥታ አትሰሩ የምለው።

ትክክለኛው መንገድ ትርፉን ማቃጠል ነው። ባለ ሪሌውን ሞጁል ከባትሪው ጋር እሰሩ። 14.4 ሲደርስ 55 ዋቱን የመኪና አምፖል እንዲያበራ፣ 13.5 ሲወርድ እንዲያጠፋ አስተካክሉት። አምፖሉ 4.5 አምፕር ያህል ስለሚወስድ ለ4 አምፕር ጄኔሬተር ይበቃል። ጄኔሬተሩ ከዚያ በላይ ከሰጠ አምፖል ጨምሩ። ሪሌው የአምፖሉን ከረንት መቻል አለበት። አምፖሉ ስለሚግል ከፕላስቲክና ከእንጨት አርቁት።

ለጥገና ስትወጡ ጄኔሬተሩን ለማቆም ከብሪጁ በፊት ያሉትን የኤሲ ገመዶች እርስ በርስ የሚያገናኝ ማብሪያ አስገቡ። ሾርት የሆነ የማግኔት ጄኔሬተር ራሱን ይይዛል። ይህን ነፋሱ ጋብ ሲል አድርጉት፤ በፍጥነት ላይ እያለ ካደረጋችሁት ኮይሉ ሊቃጠል ይችላል።

ደረጃ 9፦ ስልክና መብራት

ስልክ ከባትሪው በኩል እንጂ ከብሪጁ በቀጥታ አይሞላም። ፊውዙ ቢቃጠል እንኳ የሚተኮሰው ቮልት ብሪጁ ጋ ይቀራል፤ ስልካችሁ ጋ አይደርስም። ለዚህ መስመር የራሱ ትንሽ ፊውዝ ይኑረው።

ስልኩን ከመሰካታችሁ በፊት ኤልኤም2596ን መልቲሜትር እያያችሁ 5 ቮልት ላይ አድርጉት። ትንሿ ብሎን ብዙ ጊዜ ዞራም ለውጥ ላይታይ ይችላል፤ ተሰብሯል ብላችሁ አትጣሉት፣ ማዞር ቀጥሉ። 12 ቮልት ኤልኢዲ መብራት ያለ ሞጁል ከባትሪው በቀጥታ ይሠራል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

*አምፖል ያበራል፣ ባትሪ አይሞላም።* ብሪጁ ደህና ከሆነ ቮልቱ አንሷል። ጄኔሬተሩ እየዞረ የባትሪውን ቮልት ለኩ። ከፍ ካላለ ደረጃ 3ን እንደገና ሥሩ።

*የሚገባው ከረንት ከጠበቃችሁት ግማሽ ነው።* አንድ ዳዮድ ተቋርጧል። ማዕበሉ በግማሹ ብቻ እየሠራ ነው።

*ባትሪው ሌሊት ይወርዳል።* ጄኔሬተሩ ቆሞ እያለ በፖዘቲቩ መስመር ላይ ከረንት ለኩ። ከረንት ካለ ዳዮድ እያፈሰሰ ነው። ከሌለ በባትሪው በኩል ያሉትን ሞጁሎች አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ሳይጠቀሙባቸውም ትንሽ ትንሽ ይበላሉ።

*ብሪጁ በየጊዜው ይቃጠላል።* ከማቀዝቀዣው ጋር በደንብ አልተጣበቀም፣ ወይም ፔስት የለውም። ሁለቱም ካሉ የባትሪው ራስ ላልቶ እንደሆነ እዩ።

*መጀመሪያ ደህና ነበር፣ ከወራት በኋላ ይግላል።* የከተማችን አቧራ የማቀዝቀዣውን ክንፎች ደፍኗል። ጄኔሬተሩን አቁማችሁ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፤ በውኃ አትጠቡ። እግረ መንገዳችሁን ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ምክንያቱም የጣሪያው ንዝረት ያላላቸዋል።